ሁለት ላቦራቶሪ፣ ሁለት መልስ፦ የሄርፒስ የደም ምርመራ ለምን ይጋጫል?

ድሬዳዋ ላይ ሠርግ ሲቃረብ ሙሽሮች ደማቸውን መመርመራቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ከኤች አይ ቪና ከሄፓታይተስ ቢ ጎን የሄርፒስ ምርመራም አብሮ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ውርጃ የተደጋገመባት ሴት ደግሞ ፅንስን ሊጎዱ የሚችሉ ሕመሞችን በሚፈልገው፣ «ቶርች» በሚባለው የምርመራ ጥቅል ውስጥ፣ ሳትጠይቀው የሄርፒስ ውጤት ይደርሳታል። ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ካለ አብዛኛው ሰው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ሄዶ ዳግም ደም ይሰጣል። ሁለተኛው «ኔጌቲቭ» ሲል ወይም «አጠራጣሪ» ብሎ ሲጽፍ ጭንቀቱ ይብሳል። አንዱ ላቦራቶሪ ዋሽቷል፣ ናሙናዬ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሯል፣ እጮኛዬ ደብቆኛል የሚሉ ጥርጣሬዎች የሚነሱት እዚህ ላይ ነው።

ግራ መጋባቱ ምክንያት አለው። ሕዝቡ ስለ ምርመራ የተማረው በአብዛኛው ከኤች አይ ቪ ነው። በኤች አይ ቪ ምርመራ የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ብቻውን ውሳኔ አይሆንም፤ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ተረጋግጦ፣ ከምክር ጋር ነው ለሰውየው የሚነገረው። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል ይታመናል። ያ እምነት እንዳለ ወደ ሄርፒስ ወረቀት ተሻግሯል። የሄርፒስ የደም ምርመራ ግን ያን ያህል አያስተማምንም፤ የማረጋገጫ ደረጃዎቹም በአብዛኛው አይሠሩለትም። በብዙ አጋጣሚ ሁለት ውጤቶች የሚጋጩት አንዱ ባለሙያ ስለተዘናጋ አይደለም። ሁለቱ ምርመራዎች የተለያየ ነገር ስለሚፈልጉ፣ ወይም ምርመራው ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ስለቀረበለት ነው።

ስለ የትኛው ሄርፒስ ነው የምናወራው?

ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባሉት ሁለት ተቀራራቢ ቫይረሶች ናቸው፤ ዓይነት 1 እና ዓይነት 2። ዓይነት 1 በአብዛኛው በልጅነት በምራቅ ይተላለፋል። ከንፈር ዳር ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውና በየቤቱ «ምች መታው» የሚባለው ቁስል ብዙውን ጊዜ የእሱ ነው። ዓይነት 2 በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ የሚታየውም በብልትና በአካባቢው ነው። ዓይነት 1ም በአፍ በሚደረግ ወሲብ ብልት ላይ ሊደርስ ይችላል። «አልማዝ ባለጭራ» የሚባለው ሕመም በሕክምና ስሙ ሄርፒስ ዞስተር ቢባልም ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ አይደለም፤ መነሻው ቺክን ፖክስን የሚያመጣው ሌላ ቫይረስ ነው። በአልማዝ ባለጭራ የታመመ ሰው የአባላዘር በሽታ ይዞታል ማለት ስሕተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት ከ50 ዓመት በታች ካሉ የዓለም ሰዎች 64 በመቶው፣ ማለትም 3.8 ቢሊዮን ያህሉ ዓይነት 1 አለባቸው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ደግሞ 13 በመቶው፣ ወደ 520 ሚሊዮን የሚጠጉት ዓይነት 2 አለባቸው። የዓይነት 2 ሥርጭት ከፍተኛ የሆነው በአፍሪካ ነው። ከተያዙት አብዛኞቹ ምልክት አይታይባቸውም፤ ወይም በጣም ቀላል ስለሚሆን አያስተውሉትም። ቫይረሱ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ አልፎ አልፎ ይነሳል፣ ተመልሶ ይተኛል። ከዚህ ጠባዩ ነው የምርመራው ችግር የሚጀምረው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ እያለም በየቀኑ ቆዳ ላይ አይገኝም፤ የደም ምርመራውም ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም።

ከቁስል የሚወሰድ ናሙናና የሚያልፈን ጊዜ

ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ፣ የተሻለው ምርመራ ከራሱ ከቁስሉ በጥጥ ተጠርጎ የሚወሰድ ናሙና ነው። ናሙናው በፒሲአር ይታያል። ይህ ከኮቪድ ወዲህ ስሙ በሰፊው የታወቀው ዘዴ የቫይረሱን ዘረ መል አባዝቶ የሚያሳይ ነው። ቫይረሱ ከተገኘ መልሱ ከሞላ ጎደል ቁርጥ ያለ ነው፤ ዓይነት 1 ይሁን ዓይነት 2 ይለያል፣ በትክክል ያ ቁስል የሄርፒስ መሆኑንም ይናገራል። የደም ምርመራ ይህን ሊል አይችልም። ቫይረሱን በሕዋስ ውስጥ የማሳደግ የቆየ ዘዴም አለ፤ ቁስሉ መድረቅ ከጀመረ ግን ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ሳያገኝ ይቀራል። ፒሲአርም ቢሆን «ኔጌቲቭ» ማለቱ የመጨረሻ ነፃ ማውጫ አይደለም። ናሙናው ዘግይቶ ከተወሰደ ቫይረሱ ቆዳውን ለቆ ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን ይህ ጊዜ ነው። ጤና ጣቢያዎች የብልት ቁስልን የሚያክሙት በምልክት ላይ በተመሠረተ አሠራር ነው። ባለሙያው ቁስሉን አይቶ፣ ላቦራቶሪ ሳይጠብቅ፣ ለቂጥኝም ለሄርፒስም ለሌሎችም የሚሆን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ውጤቱ ሳምንት በሚዘገይበት፣ ታካሚውም ተመልሶ ላይመጣ በሚችልበት ሁኔታ ይህ አሠራር ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ሰው ታክሞበታል። ክፍተቱ ግን ቁስሉ ምን እንደነበረ የትም ሳይመዘገብ መዳኑ ነው። ከወራት በኋላ ትዳር ሲታሰብ ሰውየው «ያኔ ምን ነበረብኝ?» ብሎ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት የቀረለት የደም ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን ያለፈ ቁስል ሊያስረዳ አይችልም።

አይጂኤም፦ ብዙ ቤት ያወከው ውጤት

የደም ምርመራዎች የሚፈልጉት አንቲቦዲን ነው። አንቲቦዲ ሰውነት ወራሪን ሲያይ የሚያመርተው የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ሁለት ዓይነቶቹ ወረቀት ላይ ይመጣሉ፤ አይጂኤም እና አይጂጂ። በትምህርት ቤት ደረጃ የሚነገረው፣ አይጂኤም ቀድሞ መጥቶ ቶሎ የሚጠፋ፣ አይጂጂ ዘግይቶ መጥቶ የሚቆይ ነው የሚል ነው። ከዚህ ተነስቶ «አይጂኤም ፖዘቲቭ» የሚለው ወረቀት «አሁን፣ በቅርቡ ተይዘሃል» ተብሎ ይነበባል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም «ከማን?» ነው።

ለሄርፒስ ይህ ንባብ አይሠራም። አይጂኤም ለዓመታት ቫይረሱን ይዞ በቆየ ሰው ላይ፣ ቫይረሱ ሲቀሰቀስ፣ እንደገና ሊታይ ይችላል። አዲስ በተያዘ ሰው ላይ ላይታይም ይችላል። ዓይነት 1ን ከዓይነት 2 በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም፤ ምንም ቫይረስ በሌለበትም በሐሰት ፖዘቲቭ ይሆናል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአባላዘር በሽታዎች መመሪያ የአይጂኤም ምርመራ ለሄርፒስ አይመከርም ብሏል። እንዲህ ያለ ምርመራ በጥቅል ውስጥ ተካቶ እየታዘዘ፣ ለጥንዶች ያለ ምንም ማብራሪያ መሰጠቱ በእኔ አመለካከት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ ቶሎ መቆም ያለበት ነገር ነው። በአይጂኤም ወረቀት ማንንም በክሕደት መክሰስ አይቻልም።

አይጂጂ፦ ቁጥሩን ማን ያነበዋል?

አይጂጂ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሦስት ነገሮች ሳይታወቁ መነበብ የለበትም።

የመጀመሪያው የመመርመሪያው ዓይነት ነው። ሁለቱ ቫይረሶች ብዙ የሚጋሯቸው ፕሮቲኖች አሏቸው። በእነዚያ የጋራ ፕሮቲኖች ላይ የተሠራ መመርመሪያ በልጅነቱ ዓይነት 1 ይዞት ከንፈሩ ላይ ምች የሚወጣበትን ሰው «ሄርፒስ ፖዘቲቭ» ይለዋል፤ ሰውየውም የአባላዘር በሽታ እንደተነገረው አድርጎ ይወስደዋል። ዓይነቶቹን የሚለዩት መመርመሪያዎች ግላይኮፕሮቲን ጂ በሚባል፣ በሁለቱ ቫይረሶች ላይ በሚለያይ ፕሮቲን ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ሁለት ላቦራቶሪዎች የተለያየ ኪት፣ ማለትም መመርመሪያ፣ ከተጠቀሙ፣ ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ሁለት መልስ ሊሰጡ ይችላሉ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። አንቲቦዲ ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከ12 ሳምንት በላይ ይወስዳል። ቫይረሱ ከገባ በ3ኛው ሳምንት የተሰጠ ደም «ኔጌቲቭ» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። በ4ኛው ወር «ፖዘቲቭ» ቢመጣ የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ተሳስቷል ማለት አይሆንም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ቁጥሩ ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ኢንዴክስ በሚባል ቁጥር ይመጣል። በስፋት በሚታወቅ አንድ መመርመሪያ ከ0.9 በታች ኔጌቲቭ፣ ከ0.9 እስከ 1.1 አጠራጣሪ፣ ከ1.1 በላይ ፖዘቲቭ ይባላል። ወረቀቱ ላይ 1.4 ያገኘም 8 ያገኘም ሁለቱም «ፖዘቲቭ» ናቸው። እውነታው ግን የተለያየ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ መመሪያ፣ ይህ የዓይነት 2 መመርመሪያ ከ3 በታች በሆኑ ቁጥሮች ላይ ብዙ ጊዜ በሐሰት ፖዘቲቭ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። በጠቀሰው አንድ ጥናት፣ ቫይረሱ የሌለባቸውን ሰዎች «የለባችሁም» ብሎ በትክክል የመለየት አቅሙ በአጠቃላይ 57.4 በመቶ ነበር፤ ከ1.1 እስከ 2.9 ባለው ክልል ደግሞ 39.8 በመቶ። የተጠኑት የማረጋገጫ ምርመራ የተደረገላቸው ሰዎች ስለነበሩ ቁጥሩን ለሁሉም ሰው እንዳለ መውሰድ አይገባም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በዚያው ጥናት የዓይነት 1 መመርመሪያው ቫይረሱ ካለባቸው 10 ሰዎች ወደ 3 የሚጠጉትን ስቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ስለ ዓይነት 2 የደም ምርመራ የሐሰት ፖዘቲቭ ለላቦራቶሪዎችና ለሐኪሞች ማሳሰቢያ አውጥቷል።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች፣ ለምሳሌ በኡጋንዳ፣ የተደረጉ ጥናቶች እነዚሁ መመርመሪያዎች በአካባቢው ሕዝብ ደም ላይ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይልቅ ብዙ የሐሰት ፖዘቲቭ እንደሚያሳዩ አመልክተዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች «ፖዘቲቭ» የሚባልበት ድንበር ከ1.1 ወደ 3.5 ገደማ ከፍ እንዲል ሐሳብ አቅርበዋል። ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ይህ ከሁሉም በላይ የሚነካው ነጥብ ነው፤ ኪቱ ውስጥ ያለው መመሪያ ወረቀት የተጻፈው ለሌላ ሕዝብ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። 1,000 ምንም ምልክት የሌላቸው ሰዎች ተመረመሩ እንበል፤ ከእነሱ 100ዎቹ በእውነት ዓይነት 2 አለባቸው። መመርመሪያው ካለባቸው 100 ሰዎች 95ቱን ያገኛል፤ ከሌለባቸው 900 ሰዎች ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል «የለም» ይላል፣ 90ውን ግን ይስታል። ስለዚህ 185 ሰዎች ፖዘቲቭ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ፤ ከእነሱ 90ው ቫይረሱ የለባቸውም። ለጆሮ ጥሩ የሚመስል የ90 በመቶ አቅም ያለው ምርመራ፣ ከፖዘቲቮቹ ግማሽ የሚጠጉትን ያለአግባብ አስደንግጧል ማለት ነው። ይኸው ምርመራ የሚደጋገም የብልት ቁስል ላለው ሰው ሲሰጥ ግን ፖዘቲቩ እውነት የመሆን ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ትርጉሙ እንደ ተመርማሪው ይለያያል።

ከመድኃኒት በኋላ መመርመርና ሌሎች የተለመዱ ግጭቶች

የሄርፒስ መድኃኒት የሆነውን አሳይክሎቪር ወስዶ ጨርሶ «ጠፍቶልኝ እንደሆነ» ለማየት ደም የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። አሳይክሎቪር ቫይረሱን ያዳክማል፣ ቁስሉን ቶሎ ያደርቃል፤ ከሰውነት አያወጣውም። አይጂጂ እንዲጠፋም አይጠበቅም። በሁለት ምርመራ መካከል ቁጥሩ ከ6 ወደ 4 ቢወርድ የመዳን ምልክት አይደለም፤ ቢጨምርም በሽታው ጠንቷል ማለት አይደለም። የአንድ ኪት ቁጥር ከሌላ ኪት ቁጥር ጋር አይወዳደርም። በጸበል ወይም በባህል መድኃኒት «ኔጌቲቭ ሆንኩ» የሚለውን ወሬም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። የመጀመሪያው ዝቅተኛ ፖዘቲቭ ከነበረ፣ ምናልባት ከመነሻውም ቫይረሱ አልነበረም።

የድሬዳዋ ሙቀትም ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ፈጣን መመርመሪያዎች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እንዲቀመጡ ይታዘዛል፤ የከተማው የቀን ሙቀት በበጋው ማብቂያ ከዚያ ያልፋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ኪቱ የት እንደቆየ መጠየቅ ላቦራቶሪን መድፈር አይደለም።

«ሁሉም ሰው ይመርመር» ወይስ «ማንም አይመርመር»?

ሁለት አመለካከቶች አሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው ሰው የራሱን ሁኔታ የማወቅ መብት አለው ይላል። ዓይነት 2 በኤች አይ ቪ የመያዝ አጋጣሚን ሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ምልክት የሌለውም ሰው ቫይረሱን ያስተላልፋል። የጅቡቲ መስመር በሚያልፍበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው በሌለበት ጥንዶች መካከል ከአሳይክሎቪር ጋር የሚቀራረበውን ቫላሳይክሎቪር የተባለ መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ መተላለፉን በ48 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማወቅ ጥቅም አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው አመለካከት ምልክት የሌለውን ሰው በጅምላ መመርመር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል የሚል ነው። የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን አቋም ይዞ በ2023 አጽንቶታል፤ ነፍሰ ጡሮችንም ይጨምራል። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ሒሳብ ነው፤ በዚያ ላይ ፖዘቲቭ ለተባለው ምልክት አልባ ሰው የሚሰጠው ፈዋሽ ነገር የለም።

እዚህ አገር ሁለተኛው ሚዛን ይደፋል ብዬ አምናለሁ። ውጤቱን የሚያረጋግጠው ዌስተርን ብሎት የሚባለው ምርመራ በዋናነት በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ነው፤ ለድሬዳዋ ሰው ቅርብ አይደለም። ማረጋገጫ በሌለበት ቦታ ጅምላ ምርመራ ጥርጣሬን ብቻ ያበዛል። ይህ ማለት ግን ምርመራው ለማንም አይረባም ማለት አይደለም። ተደጋጋሚ ቁስል እያለው የፒሲአር ውጤቱ ኔጌቲቭ የሆነ፣ ያለ ላቦራቶሪ በዓይን ብቻ ሄርፒስ የተባለ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው ቫይረሱ ያለበት ሰው ከዓይነት ለዪ አይጂጂ ጥቅም ያገኛል። ለሙሽሮች በጥቅል ማዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ነፍሰ ጡሮች

ለሕፃኑ ከባዱ አደጋ እናቲቱ በመውለጃዋ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በቫይረሱ ስትያዝ ነው፤ ያኔ የመተላለፍ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይገመታል። ከድሮ ጀምሮ ያለባትና የሚመላለስባት እናት ግን አንቲቦዲዋ ለልጁም ስለሚተርፍ አደጋው ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ በ3ኛ ወሯ የቶርች ወረቀት ላይ «የሄርፒስ አይጂጂ ፖዘቲቭ» ያነበበች ሴት ፅንሷ ተጎድቷል ብላ መደምደም የለባትም። ላለፈው ውርጃም ምክንያቱ ተገኘ አያሰኝም። ለሐኪሟ መንገር ያለባት ይልቅ እሷ ወይም ባሏ የብልት ቁስል ኖሯቸው የሚያውቁ መሆኑን ነው። ምጥ ሲጀምር ቁስል ካለ በቀዶ ሕክምና መውለድ ይመከራል፤ የሚመላለስባቸው እናቶች ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሳይክሎቪር ሊታዘዝላቸው ይችላል።

ወረቀቱ የማይመልሰው ጥያቄና ቀጣዩ እርምጃ

የትኛውም የደም ምርመራ ቫይረሱ መቼና ከማን እንደመጣ አይናገርም። ሰው በ20 ዓመቱ ተይዞ በ35 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስል ሊያይ ይችላል። አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባቶችና ኢማሞች እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብላቸው ይህን ቢያውቁ ብዙ ክርክር ይቃለል ነበር።

ውጤቱ የተጋጨበት ሰው ሦስተኛ ላቦራቶሪ ከመፈለጉ በፊት ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ ወደ ሐኪም ቢሄድ ይሻላል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። አይጂጂ ነው አይጂኤም? ዓይነቶቹን ይለያል? ቁጥሩ ስንት ነው፣ የኪቱ ድንበርስ? ከተጠረጠረው ግንኙነት ስንት ሳምንት አልፏል? ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም ጊዜው ካጠረ፣ ከተጠረጠረው ግንኙነት 12 ሳምንት ካለፈ በኋላ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ መድገም ይቻላል። ላቦራቶሪዎችም የኪቱን ስም፣ ቁጥሩንና ድንበሩን ወረቀቱ ላይ ቢጽፉ ሐኪሙ የሚያነበው ነገር ይኖረዋል። «ፖዘቲቭ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለበት ወረቀት ለሐኪም ምንም አይነግረውም።

ቁስል የሚመላለስበት ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ጊዜ እንዳያሳልፍ ይዘጋጅ። ከቁስል ናሙና ተቀብሎ በፒሲአር የሚመረምር ወይም የሚልክ ተቋም የትኛው እንደሆነ ዛሬ ጠይቆ ይወቅ፤ ምልክቱ በጀመረ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ቁስሉ ቅርፊት ሳይዝ ይሂድ። በዚያው ዕለት የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራም ያድርግ። የብልት ቁስል በቂጥኝም ሊመጣ ይችላል፤ ቂጥኝ ደግሞ በፔኒሲሊን ይድናል።